ከኋላ ወንበር ሥር

ግንቦት 3

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ካሉበት ይድረስዎት። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ያ የወገብ ሕመምዎ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ “ወንድሜን ስድስት ጊዜ ሳሚልኝ፤ ሦስቱን ለጉንጩ፣ ሦስቱን ለጠፋበት ዓመት” ብላለች።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ባሕር ማዶ ሲሄዱ የተዉልን ቫን ናት። እንደሚያውቁት ጠዋትና ማታ የልብስ ስፌት ፋብሪካውን ሠራተኞች፣ በመሃል ደግሞ የሆስፒታሉን ጽዳት ሠራተኞች አመላልስባታለሁ። እማዬ በስልሳ ሁለት ዓመቷም ረዳቴ እሷው ናት። በሩ አጠገብ ታጣፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማን የት እንደሚወርድ ሳትጠየቅ ትናገራለች። “አንቺ ባለ ቀይ ሻርፕ፣ ደርሰሻል፤ የቀረውን ሕልም ቤትሽ ጨርሺው” ስትል ሰው ሁሉ ይስቃል።

ባለፈው ወር ሞተሯ ዳገት ላይ ማሳል ስታበዛ አዲስ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። መነጽሩን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር አስሮ ስለሚሠራ ሰፈሩ “ባለ ላስቲኩ” ይለዋል። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ አገኘው። በስንጥቁ ያልተለካ አየር እየገባ ነው የሚያስላት ብሎ ቀየረው። እውነትም ሳሉ ጠፋ፤ እኛም እፎይ አልን።

ሆኖም ከዚያው ቀን ጀምሮ ሌላ በሽታ መጣባት። ከኋላ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ቆማ ነዳጅ ሳልረግጥ በሚኒሞ ስትሠራ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ሳምንት የሚያደርሳት የነበረው ነዳጅ ዛሬ አራት ቀን አይሞላም። ባለ ላስቲኩ “ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልተገለጠልኝም” ይላል።

ጋሼ፣ አንድ ቱቦ ስለዳነ ሌላው አካል እንዴት ይታመማል? እርስዎ ድምፅ ሰምተው በሽታ የሚያውቁ ነዎት፤ ሰፈሩ ዛሬም “ጆሮው በኖረ” ይላል። ይምከሩን።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 25

ለእህቴ ልጅ፣ ለሾፌሯ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጎማሽን ከሚስማር፣ ምላስሽን ከትራፊክ ፖሊስ ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንዳለ ነው፤ ሌላ ወገብ ስለሌለኝ አልጣላውም። ጋራዡም እንዳለ ነው። ወለሉ ከሰው ቤት ሳህን ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ዘይት ጠብ ካለብን አለቃችን ሰው የሞተ ይመስል ይደነግጣል።

ወደ ቫኗ ልመለስ። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንና አየር ተመጥኖ ሲደባለቅለት ነው። በሚዛን ቢለካ አንድ እጅ ቤንዚን ወደ አሥራ አምስት እጅ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከበዛ ይርበውና ያስላል። ቤንዚኑ ከበዛ ደግሞ ከልክ በላይ እንደጎረሰ ሰው ይጨነቅና ጥቁር ጭስ ያገሳል። የኛ ቫን እንደ ድሮዎቹ ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቅ ካርቡራቶር የላትም፤ በኤሌክትሪክ የምትረጭ ኢንጀክሽን ናት። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው በሽቦ ወሬ የሚደርሰው አንድ የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ዓይን የለውም፤ የነገሩትን አምኖ ይሠራል።

ስለዚህ ለባለ ላስቲኩ እንዲህ በይው። የኋላውን ወንበር አንስቶ የሞተሩን ክዳን ይክፈትና እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላዎች ያውጣ። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ቤንዚን መርጫ፣ የአንድ ኢንጀክተር ነው፤ አራቱም ከጠቆሩ ግን ነገሩ የሁሉም ነው። ጭሱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀም በኋላ? የነዳጁን ግፊት ከሚቆጣጠረው ዕቃ ላይ ቀጭኗን ቱቦ ነቅሎ ያሽትታት፤ ውስጧ ቤንዚን ካለ ዕቃው ተቀዷል። ግፊቱንም ይለካ። አየር ሲገባ የምትከፈተዋን በር በጣቱ ይግፋት፤ ሳትነክስ መሄድ አለባት። ያገኘውን ሁሉ ጻፊልኝ።

እትዬን ሳሚልኝ። ስለ እሷ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ፤ ስለ ቫኗ ግን ገጽ ሙሉ። የትኛዋ ናት እህቴ?

አጎትሽ


ሰኔ 18

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታችን ከነሙሉ ቤተሰቡ ይድረስዎት፤ ሙሉ ቤተሰቡ ያው እኔና እማዬ ነን።

ያዘዙትን ሁሉ አድርገናል። አራቱም ካንዴላዎች የከሰል ዱቄት እንደነሰነሱባቸው ጥቁርና ደረቅ ናቸው። ጭሱ ከሞቀችም በኋላ አይለቃትም፤ እንዲያውም ይብሳል። ቀጭኗ ቱቦ ደረቅ ናት፤ የቤንዚን ሽታ የላትም። የግፊት መለኪያ ከሌላ ጋራዥ ተውሶ ለካ፤ ግፊቱ ልክ ነው። የአየሯ በርም ሳትነክስ ትሄዳለች። ባለ ላስቲኩ ሦስት ቀን ሙሉ ክዳኑን ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ። በመጨረሻ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ “አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ” አለኝ። “ከኔ በፊት የነካካው ሰው ከፋብሪካ የመጣውን ለውጦት እንደሆነ ይንገረኝ። የምፈልገው የተበላሸ ነገር ከሆነ አገኘዋለሁ፤ ሆነ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ግን ዕድሜዬን እፈጃለሁ።”

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፤ የቀየሩት ነገር ነበረ?

ክረምቱ ገብቷል። መስኮቱን ዘግተን ስለምንሄድ ሽታው ያስቸግራል፤ ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀምሯል። እማዬ በሩ አጠገብ ይበርዳታልና ወደ ኋላ ወንበር ተዛውራለች። ከሥሩ ሞተሩ ስላለ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ትንሽ ይደክማታል እንጂ ደህና ናት። ባለፈው ሳምንት ባለ ቀይ ሻርፏን ሁለት ፌርማታ አሳልፋ ወሰደቻት፤ ተሳሳቁበት።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 19

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የምትነግሪኝን ሳስበው ጥፋቱ አየሩን የሚለካው ዕቃ ላይ ነው። በሯ ሳትነክስ ብትሄድም ውስጡ የሚነካካው ነገር አልቆ ሊሆን ይችላል። እዚህ ከተበተነ መኪና ላይ ደህና አግኝቻለሁ። ወደዚያ የምትመጣ አንዲት ነርስ በጭኔ ይዤ አደርስልሻለሁ ብላኛለች። ባለ ላስቲኩ ይግጠመው።

ቫኗን ስሰጣችሁ ደህና ነበረች። እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው፤ እትዬም ታውቃለች።

ስለ እሷ “ትንሽ ይደክማታል” ያልሽውን አልወደድኩትም። እህቴ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ምን ደብቀሽኛል?

አጎትሽ


ነሐሴ 14

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ነርሷ ዕቃውን አደረሰችልን። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ያመጣችው፤ ጉልበቷ ላይ የዘይት ምልክት ቀርቶባት እያየሁ አፈርኩ። ባለ ላስቲኩ በዕለቱ ገጠመው። ምንም ለውጥ የለም። ያው ጭስ፣ ያው ሽታ። ስለ ጠየቀዎት ነገር ግን አልመለሱልንም። ረስተውት ይሆናል።

ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ስለ ቫኗ አይደለም። እማዬ እንዳልነግርዎ ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ቃሌን በላሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ራሷን ያማታል። መጀመሪያ ጨርቅ ታስርበትና ዝም ትላለች፤ ኋላ ማስታወክ መጣ። እንቅልፍ ይጥላታል። ሰው የት እንደሚወርድ ጠፋባት። የሆስፒታሉን ጽዳት ሠራተኞች ፋብሪካው በር ላይ “ውረዱ፣ ደርሳችኋል” ብላ ልታወርዳቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ እኔን በእርስዎ ስም ጠራችኝ። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ዕድሜና ደም ግፊት ነው ብላ ኪኒን ሰጠቻት።

ግራ የሚያጋባኝ እሑድ እሑድ የምትድነው ነገር ነው። እሑድ ሥራ የለም፤ ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ ትቀልዳለች፣ ጎረቤት ታማለች፤ የድሮዋ እማዬ ናት። ሰኞ ጠዋትም ደህና ናት። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ግን እንደገና ትጠፋለች። ሥራው እየበዛባት ነው ብዬ ቤት ቅሪ ስላት “ሬሳዬ ይቅር” ትለኛለች። ከእሷ ጋር ኋላ ከሚቀመጡት የስፌት ልጆችም ሁለቱ መንገድ ላይ አስታወኩ። ጉንፋን የገባ መሰለኝ። እኔንም አንዳንዴ ከበድ ይለኛል፤ የኔ ግን የሾፌር በር መስኮት ስለማይገጥም ንፋስ አላጣም።

አሁን ዕቃ አይላኩልን። የምለምንዎ ለእማዬ የሚያበረታታ ደብዳቤ እንዲጽፉላት ብቻ ነው። አእምሮዬን ልስት ነው ብላ ፈርታለች። አትናገርም፣ ግን በየመሃሉ የሰፈሩን ሰው ስም ለራሷ ስትቆጥር እሰማታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ቴሌግራም፣ ነሐሴ 29

እናትሽን ከቫኑ አውርጂ። ሰው አትጫኚ። በሽታው ዕድሜ አይደለም፣ የሞተሩ ጭስ ነው። ለሐኪም ንገሪ። ደብዳቤ ይከተላል። አጎትሽ


ነሐሴ 29

ልጄ፣

ቴሌግራሙ ቀድሞኝ እንደሚደርስ ተስፋ አደርጋለሁ። እናንተ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ስልክ ስደውል ዋልኩ፤ መስመር የለም። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው።

“እሑድ እሑድ ትድናለች” የሚለው ላይ ስደርስ በሽታው ገባኝ። ጥቁሩን ጭስ ዓይን ያየዋል፤ የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው። ቤንዚን ከአየር ሲበልጥ ያ መርዝ በዝቶ ይወጣል። ከኋላ ወንበር ሥር የሆነ ቦታ ከጭስ ማውጫው እያመለጠ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። እሷ የተቀመጠችው ልክ በላዩ ነው። ጉንፋን ያልሽውም ጉንፋን አይደለም።

አሁን እስከ ዛሬ ያልተናገርኩትን ልናገር። ባለ ላስቲኩ ለጠየቀው መልስ አለኝ። አልረሳሁትም።

ወደዚህ አገር ልመጣ አራት ቀን ሲቀረኝ ቫኗ ዳገት ላይ ትስል ነበር። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። “ጆሮው” ተብዬ የተሰነጠቀ ቱቦ መስማት አቃተኝ። የአባታችን ቤት ተሸጦ ገንዘቡን ለመንገዴ ወስጄ ነበር፤ ለእትዬ የደረሳት ያቺ ቫን ብቻ ናት። እያሳለች ልሰጣት አፈርኩ። ስለዚህ ሳጥኑን ዋሸሁት።

የሞተሩን ሙቀት የሚለካ ዕቃ አለ፤ ለሳጥኑ ቀዝቅዟል ሞቋል እያለ የሚነግረው እሱ ነው። ቀዝቅዟል ካለው ሳጥኑ ቤንዚን ይጨምራል። ከእሱ በሚመጣው ሽቦ መሃል ሬዚስተር የምትባል፣ ኤሌክትሪኩን የምትቀንስ፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ዕቃ በየድኩና በጥቁር የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለልኳት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቢግልም ሳጥኑ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ያለ ይመስለዋል። በስንጥቁ የሚገባውን ትርፍ አየር በትርፍ ቤንዚን ሸፈንኩት። ሁለት ጥፋት ተደጋግፎ ጤና መስሎ ቆመ። ባለ ላስቲኩ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ብቻውን ቀረ።

“ቱቦው ተቀየረ” ብለሽ ስትጽፊ በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው የገባኝ። ሰውየው ራሱ ያገኘዋል፣ በዝምታ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ስሜም አይነሳም ብዬ ጠበቅኩ። የቀረውን ሁሉ እንዲፈትሽ ያዘዝኩት ያቺን አንዷን ላለመናገር ነው። የላክሁት ዕቃም ዝምታዬን ለመሸፈን ነበር። ነዳጅ ብቻ የሚባክን መስሎኝ ነበር። የሚባክነው እህቴ መሆኗን አላወቅኩም።

ሽቦው በሞተሩ ግራ በኩል ከሙቀት ለኪው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። ይቁረጠውና ሁለቱን ጫፍ ያገናኝ። ከዚያ በፊት ጭሱ የሚያመልጥበትን ይፈልግ።

ስለ እሷ ጻፊልኝ። አትደብቂኝ፤ እኔ ይህን የምልበት አፍ ባይኖረኝም።

አጎትሽ


መስከረም 22

ለአጎቴ፣

ቴሌግራሙም ደብዳቤውም ደርሰዋል።

ቴሌግራሙ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። እማዬ የወደቀችው ማክሰኞ ነው። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጎን ዘመመች። ጽዳት ሠራተኞቹ ተኝታለች ብለው ትከሻቸውን አበደሯት። ሦስት ፌርማታ ከሄድን በኋላ አንዷ “እማማ አይነሱም” ስትል መልሼ ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ። ጽዳት ሠራተኞቹ ራሳቸው በብርድ ልብስ ተሸክመው አስገቧት። ሐኪሞቹ በአንጎሏ ደም ፈሷል ብለው ነበር የያዟት። ሁለት ቀን ስሟን እንኳ አልተናገረችም።

ሐሙስ ቀን ወረቀትዎን ለሐኪሙ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና “ይህን የላከው ሐኪም ነው?” አለኝ።

“መካኒክ ነው” አልኩት።

“ከኛ ቀድሞ አወቀ” አለና ኦክሲጅኑ ከአፍንጫዋ እንዳይለይ አዘዘ። ያኔ ደብዳቤዎን ገና ስላላነበብኩ፣ ቀድመው በማወቅዎ አመሰገንኩዎት። ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ባለ ላስቲኩ ክዳኑን ከፍቶ የነገሩን ቦታ ላይ ናስትሮውን በምላጭ ቀደደ። ያቺን ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ክብደት የላትም። ጭሱ የሚያመልጠው ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነው። እዚያ ድረስ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ወደ ውስጥ የገባው ግን በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ተበጣጥሶ ነው፤ የተበጣጠሰውም ሰኔ ላይ እርስዎ ባዘዙት ፍተሻ ስንከፍት ስንዘጋ ነው። ያንን ሁሉ ቀን ነገሩን እያወቁ አስከፈቱን። ነርሷ ያንን ሁሉ መንገድ ታቅፋ ያመጣችው ውሸት ነበር።

ራሴን ነፃ አላወጣም። ልጆቹ ራሳቸውን ሲይዙ እያየሁ “ዝናብ ይገባል፣ መስኮቱን ዝጉ” ያልኩት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ መዳኗን ያየሁትም እኔ ነኝ፤ አይቼ አላሰብኩም።

ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እየሄድኩ ነገርኳቸው። ምን ሲተነፍሱ እንደከረሙና ከማን እንደመጣ አልሸፈንኩም። የአንዷ የስፌት ልጅ እናት በሩ ላይ ቆማ “ልጄን ዳግመኛ አታሳፍሪያት” ብላ ገባች። ባለ ቀይ ሻርፏ አቅፋኝ አለቀሰች። ከእቅፏ የመጀመሪያዋ ቁጣ ቀለለኝ።

እማዬ አሁን ቤት ናት። ትበላለች፣ ትራመዳለች፣ ታውቀኛለች። ጠዋት ያሏትን ግን ማታ ታጣዋለች። ሐኪሙ “ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ በወራት እናያለን” ብሏል። ምን እንዳገኛት ስትጠይቀኝ “ጭስ ነው” ብያታለሁ። የማን እጅ እንዳለበት አልነገርኳትም። ስምዎን በጠራች ቁጥር ሌላ ወሬ አመጣለሁ። እስከ መቼ እንደምደብቅልዎ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 14

ልጄ፣

አንድ ቀንም አትደብቂልኝ።

የነሐሴውን ደብዳቤ አንብቢላት። አንድም ቃል አትዝለዪ፤ የአባታችን ቤት የሚለውንም። ሰው ሳይበዛ፣ አእምሮዋ ጠዋት ሲከፈት አንብቢላት። እኔ ራሴ መጥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ግን እስክመጣ በኔ ምክንያት አንቺ ውሸታም ሆነሽ አትቆዪ። ውሸት ሲወረስ እንዴት እንደሆነ አይተሽዋል።

አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ከአዲስ ዓመታቸው በፊት አይሆንም አለኝ። የጋራዡን ቁልፍ አስረክቤ ሥራውን ለቀቅኩ። ቲኬቴ ለታኅሣሥ አሥር ነው። እትዬ ልታየኝ ባትፈልግ ደጅ ቆሜ እመለሳለሁ። አንቺም ባትፈልጊ አልቀየምም። ብቻ አስቀድመሽ ጻፊልኝ።

ለባለ ላስቲኩ ጥያቄው ልክ እንደነበረ ንገሪልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 6

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ደብዳቤዬ ጤናዎን ሳልጠይቅ ነው የዘጋሁት። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን ጤናዎን መጠየቅ አልከለከለኝም።

ቫኗ ሥራ ጀምራለች። ባለ ላስቲኩ የጭስ ማውጫውን አስበይዶ፣ የክዳኑን ጎማ አዲስ ቆርጦ አለበሰው። ሽቦውን ካገናኘ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ነጭ ጨርቅ ከጭስ ማውጫው ኋላ ይዞ ቆመ፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ካንዴላዎቹ ከሳምንት በኋላ ሲወጡ ደረቅ ቡናማ ሆነው አገኘናቸው። መልእክትዎን ነገርኩት። መነጽሩን ጠረገና “መናገሩ አይቀርም ነበር፤ ዘገየ እንጂ” አለ። ከድሮ ተሳፋሪዎቼ ገሚሱ አልተመለሱም፤ መስኮቱን ክረምት ከበጋ ሁለት ጣት ከፍቼ ነው የምሄደው።

እማዬን አንዳንድ ቀን ከኔ ጎን ፊት አስቀምጣታለሁ። ሰው የት እንደሚወርድ አሁን አታውቅም። ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው “እማማ፣ ደርሻለሁ” ይሏታል፤ እሷም ለእኔ “ደርሳለች” ትለኛለች።

ደብዳቤዎን ሰኞ ጠዋት አነበብኩላት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ነበር። “ሳጥኑን ዋሸሁት” የሚለው ጋ ስደርስ እግሯ ቆመ። ስጨርስ አልገባትም ብዬ ልደግመው ስል እጄን ያዘችኝ። እንዲህ ብላ እንድጽፍልዎ አዘዘችኝ፤ ቃሏን እንዳለ አስቀምጫለሁ።

“አንተ ትንሽ ሆነህ የሰበርከውን ዕቃ ከቁም ሣጥን ኋላ ትደብቅ ነበር። አባታችን ሲያገኘው አንተ ውጭ እየተጫወትክ እኔ ነበርኩ የምገረፈው። አልተናገርኩብህም፤ ታናሼ ነህ። ዛሬም ሰብረህ ደበቅክ፣ ዛሬም እኔ ተገረፍኩ። አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ጅራፍ አልችልም። ይብቃህ። ወንድሜ ነህና ና።”

ስትናገር ድምፅዋ የድሮው ነበር። እኔ ለመጻፍ ቸኮልኩ፤ የሚመለስላት ሁሉ የተመለሰ መሰለኝ። በመሃል እየቆመች “ጻፍሽው?” ትለኛለች፤ “ጻፍኩት” እላታለሁ። ጨርሳ ተኛች።

ማታ ላይ ግን ልብሷን ሳወልቅላት “ወንድሜ ጽፎ ያውቃል?” ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ያልነውን ሁሉ አጥታዋለች። ደብዳቤውን እንደገና ላንብብላት ወይስ ልተወው ብዬ አሰብኩና ተውኩት። “ታኅሣሥ ላይ ይመጣል” አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስለዚህ ይምጡ። ና ስትል እኔ ሰምቻለሁ፣ በእጄም ጽፌዋለሁ፤ ለዚያ ምስክር ነኝ። ግን ስለረሳችው ለእሷ ገና እንዳልተባለ ነው። ሲደርሱ ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ በራስዎ አፍ ይንገሯት። በማግሥቱም ከረሳችው እንደገና ይነግሯታል።

የእህትዎ ልጅ